የቀኝ እጅና የግራ ጆሮ

ከቁስቋም ማርያም ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ዳር ባለ አንድ ትምህርት ቤት፣ በ1982 ዓ.ም. መስከረም፣ አዲስ ገቢ ሕፃናትን የሚመዘግበው ስለሺ የሚባል የሃያ አንድ ዓመት ወጣት ነበር። ግራ ጉልበቱ አልታጠፍ ስለሚለው እግሩን ከጠረጴዛው ሥር ወደ ፊት ዘርግቶ ይቀመጣል፤ ተራ የሚጠብቁት ሕፃናትም እንዳይረግጡት ዞረው ያልፋሉ።

ከእርሱ በፊት በዚያ ወንበር የተቀመጡት ሁሉ፣ የልደት ማስረጃ የሌለውን ልጅ የሚለኩበት መለኪያ አንድ ነበር። «ቀኝ እጅህን በአናትህ ላይ አሳልፈህ ግራ ጆሮህን ንካ» ይሉታል። ጣቱ ጆሮውን ካገኘ ሰባት ዓመት ሞልቶታል ተብሎ ይጻፋል፤ ካላገኘ «ለከርሞ ይምጣ» ይባላል። ሐኪሙም መካኒኩም የገባው በዚሁ በር ነው። ስለሺ ግን በዚህ መለኪያ አልመዘግብም አለ። ርእሰ መምህሩ ሁለት ጊዜ ጠርተው መከሩት፤ በሦስተኛው በጽሑፍ አስጠነቀቁት። እርሱም ማስጠንቀቂያውን በአራት አጥፎ ከሚወዛወዘው የጠረጴዛ እግር ሥር ሸጎጠው።

«አፍህን ክፈት፣ የኔ ጌታ» ይለዋል ተራው የደረሰውን ሕፃን።

«ወይ ጉድ! ልጄን የሸጎሌ ገበያ በግ አደረግኸው? ጥርሱን አይተህ ልትገዛው ነው?» ይላሉ እናቲቱ።

«ጎትቶ ጆሮ ማስነካት ይቻላል፣ እትዬ፤ ጎትቶ ጥርስ ማብቀል ግን አይቻልም» ይላቸዋል፣ ዓይኑን ከልጁ አፍ ሳይነቅል።

ይህ እልኸኝነት ከየት እንደ መጣ የሚያውቅ የሰፈር ሰው አይቀየመውም። የማያውቅ ካለ ግን ነገሩ እንዲህ ነው።

በ1968 ዓ.ም. መስከረም፣ ስለሺ ራሱ የሰባት ዓመት ልጅ ሆኖ በዚያው በር ተሰልፎ ነበር። ከፊቱ የቆሙት ወይዘሮ ወለተማርያም ነበሩ፤ በፈትል ፋብሪካ በፈረቃ የሚሠሩ፣ ባላቸው የሞተባቸው ሴት። ልጃቸውን ገለታን የሚጠብቅላቸው ሰው ስላልነበራቸው በር ቆልፈውበት ነበር ሥራ የሚሄዱት። ከጥቂት ቀን በፊት ሲመለሱ፣ ልጁ አንገቱን በመስኮቱ ብረት አስገብቶ ማውጣት አቅቶት፣ ጎረቤት ከቦ ሳሙና ሲቀባው አገኙት። ያን ዕለት፣ ገና አራት ዓመት ከመንፈቅ የሆነውን ልጅ ትምህርት ቤት ለማስገባት ቆረጡ።

«ንካ» አለ መዝጋቢው።

የገለታ ጣቶች አናቱ ላይ ደርሰው ቆሙ። ወይዘሮ ወለተማርያም ኮሌታ የሚያስተካክሉ መስለው የልጁን ማጅራት ያዙ፤ አንገቱን ወደ ቀኝ ትከሻው ደፋ አደረጉት፤ ጣቱም ጆሮው ጫፍ ላይ አረፈ።

«ነካ!» አሉ በኩራት።

መዝጋቢው ቀና ሳይል «ሰባት» ብሎ ጻፈ። ወለተማርያም ዘወር ሲሉ ከኋላቸው የቆመው ልጅ ሁሉንም አይቶ ኖሮ፣ አፉን ከፍቶ ሲያያቸው ተያዩ። ወዲያው ከመቀነታቸው አንድ እፍኝ ቆሎ ፈትተው እጁ ላይ አፈሰሱለት። ስለሺ ቆሎውን በላ፤ ያየውንም አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለማንም አልተናገረም።

በሦስተኛ ክፍል ማብቂያ አንድ ፎቶ አንሺ መጥቶ ክፍሉን በሙሉ አነሣው። በዚያ ፎቶ ላይ ገለታ ከፊተኛው ረድፍ መሬት ላይ ተቀምጦ ጥርሱን ገልፍጦ ይስቃል፤ ጥርሱን ይባል እንጂ ከላይ ሁለት፣ ከታች ሁለት የለውም። የክፍል ጓደኞቹ የፊት የወተት ጥርሳቸውን ጣራ ላይ ወርውረው ከጨረሱ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። ከገለታ ኋላ ስለሺ አፉ ሙሉ ሆኖ ቆሟል፤ ከስለሺ ጎን ደግሞ ታረቀኝ፣ የፎቶ አንሺውን ትእዛዝ ጥሶ፣ ሁለት ጣቱን ከገለታ አናት ላይ ቀንድ አድርጎ ሰክቷል። «ወላቃው» የሚለውን ስም ያወጣለትም ታረቀኝ ነው። ገለታ ጥርሱ ከበቀለ በኋላም ስሙ አልለቀቀውም።

ሦስቱ ሳይለያዩ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በ1979 ዓ.ም. ጨረሱ። ያ ክረምት የሁለት ወረቀት ክረምት ነበር፤ አንዱ የማትሪክ ውጤት፣ ሁለተኛው የብሔራዊ ውትድርና ዝርዝር። የትኛው ቀድሞ እንደሚመጣ የሚያውቅ አልነበረም። ዝናቡ ጋብ ሲል ከቁስቋም በታች ባለው የድንጋይ ካብ ላይ ተደርድረው ይቀመጡና፣ ከሥራቸው የተዘረጋውን የቆርቆሮ ጣራ እያዩ፣ ስለማያውቁት ሰሜን እንደሚያውቅ ሰው ይከራከራሉ። በዚያ ሰሞን ታረቀኝ የቡሄ ጅራፍ መግመድ ጀመረ።

«አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶህ ጅራፍ?» አለው ስለሺ።

«ለአሥር አለቃው ነው። እርሱ ሲጮህ እኔ አጮኻለሁ።»

«እኔንም አስተምረኝ» አለ ገለታ።

«አንተ መጀመሪያ ጢም አብቅል፣ ወላቃው። ጦር ሰፈሩ ወተት አይሰፍርልህም።»

ገለታ አልሣቀም። በእውነተኛ ዕድሜው አሥራ ስድስት ቢሆንም፣ ይህን ከእናቱ ሰምቶ አያውቅም። ድምፁ ዘግይቶ የጎረነነው፣ ቁመቱ ከሁሉ ያነሰው ከተፈጥሮ ነው ብሎ ያምን ነበር።

ዝርዝሩ ማክሰኞ ዕለት በቀበሌው በር ላይ ተለጠፈ። አርባ ስም ነበረው። ታረቀኝ ዝናብ የሚያንጠባጥበውን ጃኬቱን ደረቱ ላይ ሰብስቦ በጣቱ እየተከተለ አነበበ። የራሱን አሥራ ሁለተኛ ላይ አገኘው፤ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ አለፈው። መጨረሻ ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

«አርባኛ፣ ገለታ ኡርጌሳ። አለቀ።» ወደ ስለሺ ዞረ። «ያንተ የለም።»

«ደግመህ እይ።»

«ሦስቴ አየሁ። የሊቀ መንበሩ ግቢ የሚያድር ሰው ስሙ እንዴት ይኖራል? አጎትህ አንተ ዘንድ ሲደርሱ ብዕራቸው ሳይደርቅባቸው አልቀረም።»

ገለታ ግን ፊቱ በርቶ ነበር። «እኔ አለሁ!» አለ። «ከእንግዲህ ወላቃው የሚለኝን አያለሁ!»

ስለሺ ከዝርዝሩ ዓይኑን አንሥቶ የገለታን አንገት አየ። ትዝ ያለው ከማጅራት የተያዘው የሕፃን አንገት ነው።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ጉታ የስለሺ እናት ወንድም ነበሩ። አባቱ ከሞተ ወዲህ እርሱና እናቱ ወይዘሮ ዓለምነሽ በግቢያቸው ካለችው ጓዳ ይኖራሉ። ጓድ ጉታ ክፉ ሰው አልነበሩም። ለስለሺ በየዓመቱ ደብተርና ጫማ የገዙለት፣ ሲታመም በጀርባቸው ሐኪም ቤት ያደረሱት እርሳቸው ናቸው። በዚያ ምሽት ራት ቀርቦ ሳለ ነገሩን ሲያነሣው የከበደውም በዚህ ምክንያት ነው።

«ጋሼ፣ ዝርዝሩ ላይ ስሜ የለም።»

«እንግዲያስ የለህበትም ማለት ነው። ሽሮው ሳይቀዘቅዝ ብላ።»

«ገለታ ግን አለበት። ገለታ ልጅ ነው።»

«የትምህርት ቤቱ ሰነድ አሥራ ስምንት ይላል። እኔ የምሠራው በሰነድ ነው።»

«የእኔስ ሰነድ ስንት ይላል?»

«ስለሺ!» አሉ እናቱ። «ከማን ጋር እንደምትነጋገር እወቅ!»

ጓድ ጉታ አልተቆጡም። ጉርሻ ጠቅልለው በእጃቸው እንደያዙ፣ «አርባ አምጣ ተባልኩ፤ አርባ አቀረብኩ» አሉ። «አንዱን ሳወጣ ሌላውን ማስገባት ነበረብኝ። ያሳደግሁህ ኦራል መኪና ላይ ልጭንህ አይደለም። በል ክፈት» ብለው ጉርሻውን ወደ አፉ ዘረጉ።

ስለሺ አፉን ከፈተ፤ ዋጠም። እንደዚያ ያለ ጉርሻ ግን በሕይወቱ አልዋጠም። በአርባኛው መስመር ላይ የተቀመጠው የራሱ ቦታ መሆኑን አሁን አወቀ። አልፈራም ብሎ ራሱን ለማታለልም አልሞከረም፤ ፈርቶ ነበር። ከሰፈሩ ሄደው የተመለሱትን ቆጥሯቸዋል፤ ለመቁጠር የሁለት እጅ ጣት አላስፈለገውም።

በማግሥቱ ወይዘሮ ወለተማርያም ቤት ሄደ። ሴትዮዋ የሌሊት ፈረቃ ሠርተው መምጣታቸው ነበር፤ የጥጥ ብናኝ ሽፋሽፍታቸው ላይ እንዳለ ነው።

«እትዬ፣ ያኔ ከኋላዎ ቆሜ አይቻለሁ። አንገቱን።»

ወለተማርያም አተኩረው አዩት። «ቆሎዬን በልተህ አሥራ አንድ ዓመት ዝም ያልኸው አንተ ነህ? ተባረክ። እሑድ በቀበሌ አቤቱታ ይሰማሉ፤ እሄድና እናዘዛለሁ። ቢያስሩኝም ይሰሩኝ።»

«ፎቶውንም ይያዙት። የሦስተኛ ክፍሉን።»

በዚህ መካከል ገለታ ከውስጥ ወጣ፤ ሁሉንም ሰምቷል። «ምን ልትይ ነው? አሥራ ስምንት ነኝ! ተጽፏል!»

«የወለድኩህ እኔ ነኝ ወይስ መዝጋቢው?» አሉት እናቱ።

«የሰፈር መሣቂያ ልታደርጊኝ ነው!»

«ይሣቁብህ። የሚሣቅበት ሰው በሕይወት አለ ማለት ነው።»

እሑድ የቀበሌው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። ከመድረኩ ጠረጴዛ ኋላ ጓድ ጉታ ተቀምጠዋል፤ ከአጠገባቸው ጸሐፊው ብርሃኔ መዝገብ ከፍቶ ይጠብቃል። ወይዘሮ ዓለምነሽ ከፊት ወንበር ናቸው። ስለሺ ከታረቀኝ ጋር ከኋላ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

ወለተማርያም ሲጠሩ ነጠላቸውን አደግድገው ቀረቡ፤ የሠሩትንም አንድ ሳያስቀሩ ተናገሩ። አዳራሹ አጉረመረመ።

«ስለዚህ መንግሥትን አታለዋል» አሉ ጓድ ጉታ።

«መንግሥትን አልነካሁም፣ ጓድ። እኔ የነካሁት የልጄን አንገት ነው።»

ሣቅ ሆነ። ጓድ ጉታ ጠረጴዛውን መቱ። «ይህ የቀልድ ቦታ አይደለም! ትናንት ሰባት ነው አሉ፤ ዛሬ አራት ነበር ይላሉ። ነገ አልወለድኩትም ቢሉስ? ማስረጃ አለዎት?»

«አለኝ እንጂ!» ፎቶውን ከጉያቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «በሰነዳችሁ ይኸ ልጅ እዚህ ላይ አሥር ዓመቱ ነው። የአሥር ዓመት ልጅ የፊት ጥርሱ የት ሄደ? ከእናንተ መካከል በአሥር ዓመቱ የፊት የወተት ጥርሱን የነቀለ ካለ እጁን ያውጣ!»

ማንም እጁን አላወጣም። ብርሃኔ ሳያስበው ምላሱን የራሱ ጥርስ ላይ አዞረ። ገለታ ከጓደኞቹ ርቆ መስኮቱ ሥር ቆሞ ነበር፤ ጆሮው ድረስ ቀልቶ የእናቱን ጀርባ ያያል።

ጓድ ጉታ ፎቶውን አንሥተው አዩት። አዩና ቶሎ አስቀመጡት፤ በግንባሩ ደፍተው ነበር ያስቀመጡት። «ፎቶ ሰነድ አይደለም» አሉ። «ጥርስ ሊነቀል ይችላል፤ ልጁ ወድቆ ሊሰበርም ይችላል። በዚያ ላይ ከአርባ አንድ ቢጎድል ቦታውን ማን ይሞላዋል? የማን ልጅ ይሂድ? እስቲ ከመካከላችሁ ልጄን ልስጥ የሚል ይነሣ!»

ጥያቄው ሁሉንም ወንበሩ ላይ አጣበቀ። ወለተማርያምም አልገፉበትም፤ የሌላ ሴት ልጅ ተክተው ልጃቸውን ሊወስዱ አልመጡምና።

ስለሺ ከግድግዳው ጀርባውን አላቀቀ። ታረቀኝ ክንዱን ያዘው።

«አንተ፣ አብደሃል?»

«ልቀቀኝ።»

በወንበሮቹ መካከል አልፎ ወደ መድረኩ ወጣ። ደፍቶ የተቀመጠውን ፎቶ ገልብጦ ወደ ሕዝቡ አዞረው።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣» አለ፤ አጎቱን በዚህ መጠሪያ ሲጠራ የመጀመሪያው ነበር፤ «ጥርስ የሌለው ይኸ ነው። ከኋላው ጥርሱ ሙሉ የሆነ አንድ ልጅ ቆሟል። በዚያው ዓመት፣ በዚያው ክፍል። ስሙን ይንገሩን።»

ጓድ ጉታ ዓይናቸውን ወደ መዝገቡ መለሱ።

«የማያውቁት ልጅ ነው እንዴ? ጫማውን የገዙለት እርስዎ ነዎት።»

«ውረድ» አሉ ጓድ ጉታ በለሆሳስ። ድምፃቸው ትእዛዝ ሳይሆን ልመና ነበር። «ልጄ፣ ውረድ።»

«አርባኛው እኔ ነበርኩ። በሕፃን ጀርባ አልደበቅም፤ ሕፃንም በቦታዬ አላስቆምም። ይጻፍልኝ።»

ብርሃኔ ብዕሩን ይዞ አንዴ ስለሺን አንዴ ሊቀ መንበሩን አየ። «ይጻፍ ወይ፣ ጓድ?» አለ።

ስለሺ ብዕሩን ከብርሃኔ እጅ ወሰደና መዝገቡን ወደ ራሱ አዞረው። የገለታን ስም በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ሰረዘ፤ ከላዩ ላይ ስሙን ከነአባቱ በጉልህ ጻፈ። ጽሑፉ ከሩቅ ይነበባል።

ወይዘሮ ዓለምነሽ አላለቀሱም፤ አልጮኹምም። ከወንበራቸው ተነሥተው በመካከለኛው መተላለፊያ ቀጥ ብለው ወጡ። ዘጠኝ ቀን ልጃቸውን አላናገሩትም። በአሥረኛው ቀን ወንድማቸው ሊያጎርሱት እጃቸውን ሲዘረጉ፣ ትሪውን ሳብ አድርገው ወደ ስለሺ አስጠጉት። «ተወው፣ ጉታ» አሉ። «ስሙን በገዛ እጁ የጻፈ ሰው በገዛ እጁ ይብላ።»

ገለታ ግን ከዚያ እሑድ ወዲህ ከሁለቱም ጓደኞቹ ጋር አልተነጋገረም። ካቡ ላይ መምጣትም ተወ። ስለሺ መንገድ ላይ ቢያገኘው፣ «ሕዝብ ፊት ጥርሴን አስቆጠርክብኝ» ብሎት ብቻ አለፈ። የማትሪክ ውጤት መጥቶ ገለታ ከሦስቱም አብላጫ ነጥብ ማግኘቱ ሲሰማ፣ ታረቀኝ ከበሩ ላይ ቆሞ ጅራፉን ሦስት ጊዜ አጮኸለት። በሩ አልተከፈተም።

የሚሄዱበት ቀን በነሐሴ መጨረሻ ሆነ። ጠዋት ሁለት ኦራል መኪና ከቀበሌው ፊት ለፊት ቆመ፤ ሃያ ሃያ ሆነው ተሳፈሩ። ስለሺና ታረቀኝ በአንዱ መኪና ጎን ለጎን ቆመዋል። እናቶች ስንቅ ያቀብላሉ። ወይዘሮ ወለተማርያም በሰው መካከል ተጋፍተው ደረሱና አንድ የታሰረ ከረጢት ቆሎ ለስለሺ ዘረጉለት።

«እትዬ፣ ስለ ምኑ ዝም ልበል ደግሞ?» አላቸው።

«ይኸኛው እንድትናገርበት ነው፣ የኔ ልጅ። ተመልሰህ ትናገርበታለህ።»

ሊወስዳቸው የመጣው መቶ አለቃ በድምፅ ማጉያ ተመልማዮቹ ሁሉ ሲሰናበቱ ግራ እጃቸውን ጨብጠው ወደ ላይ እንዲያነሡ፣ መፈክሩንም እንዲቀበሉ አዘዘ። ጓድ ጉታ በር ላይ ቆመው ግራ እጃቸውን ቀድመው አነሡ። ዓይናቸው ከእህታቸው ልጅ ላይ አልተነቀለም።

በዚህ ጊዜ ስለሺ ከመንገዱ ማዶ ባለው አጥር ላይ አንድ ሰው ቆሞ አየ። ገለታ ነበር። ሳይስቅ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሳለፈና ግራ ጆሮውን ያዘ። አንገቱን የደፋለት ሰው አልነበረም። እጁን ሳያወርድ ቆየ።

መጀመሪያ የገባው ታረቀኝ ነው። ከጉሮሮው አንድ ነገር ፈነዳ፤ ሣቅም ለቅሶም ሊሆን ይችላል። እርሱም ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሳልፎ ጆሮውን ያዘ። ያ ልጅ ከሰሜን አልተመለሰም፤ በማይታጠፍ ጉልበት የተመለሰው ስለሺ እስከ ዛሬ ሲያስበው የሚያየው በዚያ አኳኋን ነው። ስለሺ ተከተለ። ከእነርሱ ኋላ ያሉት፣ አዳራሹ ውስጥ የነበሩትም ያልነበሩትም፣ ሁሉም በዚያ በር የገቡ ነበሩና፣ አንድ በአንድ እጃቸውን አነሡ፤ ሁለተኛው መኪናም ተቀበለ። መፈክሩ ሲጮህ አንድም የተጨበጠ እጅ ከመኪናዎቹ አልወጣም። አርባ ወጣት ጆሮውን ይዞ ቆሟል።

«ምንድን ነው ይሄ?» ብሎ ጮኸ መቶ አለቃው። «ምን እያደረጋችሁ ነው?»

«ዕድሜያችንን እያረጋገጥን ነው፣ ጓድ መቶ አለቃ!» አለ ታረቀኝ።

እናቶች ሣቁ፤ እንባቸውም እየወረደ ሣቁ። መኪናዎቹ ተነሥተው ቁልቁለቱን ሲይዙ ገለታ ከአጥሩ ላይ አልወረደም፤ እጁም ከጆሮው አልወረደም። የተጨበጠች ግራ እጅ በዚያ መንገድ ላይ አንዲት ብቻ ነበረች፤ እርሷም የጓድ ጉታ ነበረች። መኪናዎቹ ከዓይን ሳይሰወሩ እርሳቸውም ቀስ ብለው አወረዷት።